መርፌዋ ለምን ዞረች?

ይህ ጽሑፍ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ። ከኋላ ያላችሁ ልጆች ወደፊት ኑ። ይህ ነገር ከሩቅ አይታይም።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር አለ። አንድ ሳህን ውሃ። አንዲት የልብስ መርፌ። አንድ ጥቁር ቀለበት። ቀለበቱ ከተበላሸ ራዲዮ እስፒከር ጀርባ የወጣ ማግኔት ነው።

መጀመሪያ መርፌዋን ማግኔቱ ላይ አሻታለሁ። ከቀዳዳዋ ወደ ሹሏ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ሹሏ ጋ ስደርስ አነሳትና እንደገና ከቀዳዳዋ እጀምራለሁ። ወዲያና ወዲህ ካሸኋት አይሆንም። አርባ ጊዜ ያህል ይበቃል። አሁን ጥፍር በምታህል ፎም ላይ አስተኝቼ ውሃው ላይ ላስቀምጣት። ማግኔቱን አንሱልኝ፣ ራቅ አድርጉት። አለበለዚያ ወደ እሱ ነው የምትዞረው።

እዩ። እየዞረች ነው። ቆመች። በመስኮቱ ተመልከቱ፤ እንጦጦ በየት በኩል ነው? አንዱ ጫፏ ወደዚያ ነው። በጣቴ ላሽከርክራት። ተመለሰች። አሁንም ላሽከርክራት። አሁንም ተመለሰች።

ይህች መርፌ እስከ ትናንት ቁልፍ ከመትከል ሌላ ሥራ አልነበራትም። ታዲያ ማን አዞራት?

ስለ ማግኔት ስንማር "ማግኔት ብረት ይስባል" ብለን እንጀምራለን። ብዙዎቻችን እዚያው እንቆማለን። እኔ ዛሬ የምለው ሌላ ነው። ማግኔት የብረት ጉዳይ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። አሁኑኑ እመኑኝ አልልም። አብረን ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

ከመሠረቱ እንነሳ። ማግኔት ሁለት ዋልታ አለው፤ ሰሜንና ደቡብ። ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ይህን ታውቃላችሁ። ቀጥሎ ያለው ግን ልብ ይፈልጋል።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ የእስፒከር ማግኔት ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰበረብኝ። ይህ ጥቁር ማግኔት ብረት አይደለም። ከብረት ዝገት ጋር የሚቀራረብ ዱቄት ተጨምቆ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ የተሠራ ሸክላ ነው። እንደ ሸክላም ይሰበራል። ስባሪዎቹን እንደነበሩ ልገጥማቸው ስል እምቢ አሉ። ስብራቱ ጥርስ በጥርስ ይገጥማል፤ ግን አንዱ ሌላውን ይገፋል። አንዱን ስገለብጠው ደግሞ ጠብ ብሎ ተለጠፈ። ያን ቀን ነገሩ በጣም አናደደኝ። ምክንያቱ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሲሰበር ሰሜኑ በአንዱ፣ ደቡቡ በሌላው ስባሪ አልቀረም። እያንዳንዱ ስባሪ የራሱ ሰሜንና የራሱ ደቡብ ያለው ሙሉ ማግኔት ሆነ። የሁለቱም ሰሜን በአንድ ፊት፣ የሁለቱም ደቡብ በሌላው ፊት ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይገፋፋሉ። ደግማችሁ ብትሰብሩትም ያው ነው። ደቡብ የሌለው ሰሜን እስካሁን አልተገኘም። ተመራማሪዎች ብዙ ፈልገውታል።

ስለዚህ ዋልታ ማለት ማግኔቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ከውስጥ፣ ከጥቃቅኑ የሚመጣ ነው። ሁሉም አቶም ውስጥ ኤሌክትሮኖች አሉ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ኤሌክትሪክ የተሸከመ ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮው ትንሽዬ ማግኔት ነው። በአብዛኛው ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ይሆኑና አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። እንጨቱ፣ ፕላስቲኩ፣ መዳቡ እንዲህ ነው። በብረት ውስጥ ግን ጥንድ ያላገኙ ኤሌክትሮኖች አሉ። እነሱም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መቆም ይወዳሉ።

ጠዋት ደወል ከመደወሉ በፊት የትምህርት ቤት ግቢን አስቡ። ተማሪው እዚህም እዚያም በቡድን በቡድን ቆሟል። አንዱ ቡድን ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ ኳስ ሜዳው ያያል። ተራ መርፌ ይህን ትመስላለች። በውስጧ ቡድኖች አሉ፤ በየቡድኑ ያሉት አቶሞች አንድ ላይ ናቸው፤ ቡድኖቹ ግን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዩ በድምሩ ምንም አይታይም። አርባ ጊዜ ሳሻት ደወሉን ደወልኩ። ሁሉም ወደ ሰንደቅ ዓላማው ዞረው ተሰለፉ። አዲስ ነገር አልጨመርኩባትም። ከማግኔቱም ምንም አልቀነስኩም። የነበረው ተሰለፈ እንጂ።

ሰልፉ ደግሞ ይፈርሳል። መርፌዋን ደጋግማችሁ ብትደበድቧት ይደክማል። ከሁሉ የሚብሰው ግን እሳት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ቀይ ፍም ሲመስል ማለት ነው፣ አቶሞቹ በጣም ስለሚናወጡ ሰልፉ ይበተናል። ያን ጊዜ ማግኔት ነው አይባልም፤ ማግኔትም ጠብቆ አይዘውም። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ቆይተን እንፈልገዋለን።

ሁለት ነገር ቤታችሁ ሄዳችሁ ሞክሩ። አንደኛው፣ ብየዳ ቤት ሂዱና ብረት ከሚሞረድበት ሥር ትንሽ ብናኝ ለምኑ። ማግኔቱን ከወረቀት ሥር አድርጉና ብናኙን ከላይ ነስንሱ። ወረቀቱን በጣት ጠብ ጠብ አድርጉት። ብናኙ ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው በሚዞሩ መስመሮች ይደረደራል። እያንዳንዷ ቅንጣት እንደዚህች መርፌ ሆና የቆመችበትን ቦታ አቅጣጫ ታሳያለች። ይህን አካባቢ ነው ማግኔታዊ መስክ የምንለው። ማግኔቱ ራሱ ሳይነካ ጉልበቱ የሚሰማበት ቦታ ነው።

ጉልበቱ በርቀት ቶሎ ይሞታል። ሁለት ትንንሽ ማግኔቶችን ከመጠናቸው አንጻር ራቅ አድርጋችሁ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት፣ መሳሳባቸው ግማሽ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይቀንሳል። በእጅ ሲይዟቸው "ምንም የለም፣ ምንም የለም" ሲሉ ቆይተው ድንገት ጠብ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የልጆች ጨዋታ ነው። ማግኔቱን በክር አስራችሁ ዝናብ ካባራ በኋላ ጎርፍ በአስፋልት ዳር በተወው አሸዋ ላይ ጎትቱት። ጥቁር ፂም ያበቅላል። ብዙ ሰው የሚስማርና የመኪና ብረት ብናኝ ብቻ ይመስለዋል። እሱም አለበት። አብዛኛው ግን ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ነው፤ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ ሲፈርስ ከውስጡ የሚወጣ። ቤት የሠራንበት፣ መንገድ ያነጠፍንበት ድንጋይ በውስጡ ማግኔት አለው ማለት ነው። ወደዚህም እመለሳለሁ።

ማግኔት በክፍል ሙቀት ጠብቆ የሚስባቸው ንጹህ ብረታ ብረቶች ጥቂት ናቸው። የታወቁት ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት ናቸው። ወርቅ አይሳብም። አንዳንዱ ሰው ወርቅ ሲገዛ ማግኔት ይዞ ይሄዳል። ከተሳበ ውስጡ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ እውነት ነው። ካልተሳበ ግን ወርቅ ነው ማለት አይደለም። ነሐስም መዳብም አይሳቡም። በዚህ የተታለለ ብዙ ሰው ስላለ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ወደ መርፌዋ። ወደ እንጦጦ ያዞራት ማነው?

እ.ኤ.አ. በ1600 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት መልሱን ሰጠ። ከተፈጥሮ ማግኔት ድንጋይ እንደ ኳስ የተሠራ ሉል አዘጋጅቶ ትንንሽ መርፌዎችን በላዩ አዟዟረ። መርፌዎቹ በመሬት ላይ እንደሚያደርጉት አደረጉ። "እንግዲያው መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት" አለ። ልክ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ። የመርፌዋን ሰሜን ጫፍ የሚስበው ተቃራኒው ነው። ስለዚህ በካርታ "ማግኔታዊ ሰሜን ዋልታ" የምንለው ቦታ፣ በፊዚክስ ሕግ ሲታይ የመሬት ማግኔት ደቡብ ዋልታ ነው። ስሙ ቀድሞ ስለተሰጠ እንዲሁ ቀረ።

ግን ችግር አለ። በመሬት እምብርት ያለው አብዛኛው ብረት ነው፤ ሙቀቱም በሺዎች በሚቆጠር ዲግሪ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር ስንት ነበር? 770። በዚያ ሙቀት ሰልፍ የለም። የመሬት እምብርት እንደዚህ ቀለበት ያለ ማግኔት ሊሆን በፍጹም አይችልም። ታዲያ ማግኔቱ ከየት መጣ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኮፐንሃገን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1820 ሃንስ ክሪስቲያን ኧርስቴድ የተባለ ዴንማርካዊ መምህር በትምህርት ላይ እያለ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለቀቀ። አጠገቡ ኮምፓስ ነበር። መርፌዋ ንቅንቅ አለች። ሽቦው ማግኔት አይደለም። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መርፌዋ ተመለሰች። ደግሞም ወደ ሽቦው አልተሳበችም፤ ሽቦውን አግድም ቆርጣ ለመቆም ነው የዞረችው። በሽቦው ዙሪያ የሚጠመጠም መስክ አለ ማለት ነው። ወሬው ፓሪስ ሲደርስ አምፔር የተባለው ፈረንሳዊ ጊዜ ሳያጠፋ ሌላ ነገር አሳየ። ሁለት ሽቦዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲለቅባቸው ይሳሳባሉ። ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲለቅባቸው ይገፋፋሉ። እዚህ ውስጥ ብረት የለም። ቋሚ ማግኔት የለም። የሚሄድ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው ያለው።

መጀመሪያ ያልኳችሁ ይኸው ነው። በዚህ ቀለበት ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኖች ማግኔትነት ነው። በሽቦው ውስጥ ያለው የሚጓዝ ኤሌክትሪክ ነው። ብረት የተመቸ መሰለፊያ ሆነ እንጂ ነገሩ የብረት አይደለም።

ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ምስማር ላይ 50 ጊዜ ጠምጥማችሁ ሁለቱን ጫፎች ከአንድ የባትሪ ድንጋይ ጋር ብታገናኙ፣ ምስማሩ ስፒል ያነሳል። ስታላቅቁ ይጥላል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያዙት፤ ሽቦው ይግላል። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ግን በጭራሽ፣ በጭራሽ አትሞክሩት። ይገድላል።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1831፣ ማይክል ፋራዴይ ለንደን ውስጥ ነገሩን ገልብጦ አየው። ኤሌክትሪክ ማግኔት ከሠራ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ ይሠራል? በሽቦ ጥቅል ውስጥ ማግኔት አስገባና አወጣ። ሠራ! ማግኔቱ ቁጭ ሲል ግን ምንም የለም። መንቀሳቀስ አለበት። የብስክሌት ዲናሞ ይህ ነው። ጎማው ማግኔቱን ያዞራል፣ አጠገቡ ያለው ጥቅል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የህዳሴ ግድብም ይህ ነው። የዓባይ ውሃ ተርባይኑን ይመታል፣ ተርባይኑ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማግኔት በጥቅሎች መሃል ያሽከረክራል። የ5,150 ሜጋ ዋቱ ግድብ ከዲናሟችሁ የሚለየው በመጠን ነው። ዛሬ ማታ መብራት ስታበሩ የሆነ ቦታ አንድ ማግኔት እየዞረላችሁ እንደሆነ አስቡ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የመሬትም መልስ እዚህ ነው። 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ብንወርድ የቀለጠ ብረት ባሕር እናገኛለን። ሙቀት እያነሳው፣ የመሬት መሽከርከር እየጠመዘዘው ይፈስሳል። ቀድሞ በነበረ መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ፣ ፋራዴይ እንዳየው፣ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ፣ ኧርስቴድ እንዳየው፣ መስኩን ያድሳል። መርፌዋን ያዞራት ከእግራችን ሥር የሚፈስ ብረት ነው።

አሁን የራሳችን ነገር። እ.ኤ.አ. በ1581 ሮበርት ኖርማን የተባለ የለንደን ኮምፓስ ሠሪ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሥራው መርፌ ማመጣጠን ነበር። መርፌዋን መሃሏ ላይ አስተካክሎ ያቆማታል፤ ልክ እንደ ሚዛን ቀጥ ትላለች። ማግኔት ላይ ካሻት በኋላ ግን ሰሜን ጫፏ ወደ ታች ይደፋል። እንዲስተካከል ያን ጫፍ ትንሽ ይቆርጠዋል። አንድ ቀን ብዙ የደከመባትን መርፌ አብዝቶ ቆረጠና አበላሻት። በጣም ተናደደ። ከዚያ "ይህ ነገር ምንድን ነው?" ብሎ በደንብ መረመረው። መስኩ በለንደን ወደ ሰሜን ብቻ ሳይሆን ወደ መሬት ውስጥም እንደሚያመለክት ያወቅነው በእሱ ንዴት ነው። ዛሬ በለንደን መርፌ 66 ዲግሪ አካባቢ ትደፋለች።

እኛ ዘንድስ? ሌላ መርፌ መሃሏን በቀጭን ክር አስሬ ቀጥ አድርጌ አመጣጥኜ፣ ከዚያ ማግኔት ላይ አሽቻት ነበር። ይኸው ላንጠልጥላት። አልደፋችም። ተኝታለች። ኖርማን ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ቢሠራ ኖሮ አንዲት መርፌ አይበላሽበትም፤ ምንም ነገርም አያገኝም ነበር። ምክንያቱ ከተማችን በማግኔታዊ የምድር ወገብ አቅራቢያ መሆኗ ነው። ካርታ ላይ ያለው የምድር ወገብ በኬንያ በኩል ያልፋል። ማግኔታዊው ግን እዚህ እኛ አገር ላይ ያልፋል። የመስኩ መስመሮች በዚህ ቦታ ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ።

ከዚህም በላይ አለ። ቀን ቀን ፀሐይ የላይኛውን አየር ስትመታው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ይሆናል። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ይህን ማግኔታዊ ወገብ ተከትሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የኤሌክትሪክ ወንዝ ይፈስሳል። እኩለ ቀን አካባቢ ይበረታል፣ ማታ ይጠፋል። ሽቦ የለውም። ግን እንደ ኧርስቴድ ሽቦ መሬት ላይ ያለውን መስክ ይነካካዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን መስክ የሚለካ ጣቢያ አለው። ልኬቱን በመላው ዓለም ያሉ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል፤ ቦታችን ተፈላጊ ነውና። ከእናንተ አንዳችሁ እዚያ ብትሠሩ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ስለ ጥቁሩ ድንጋይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሸክላ ሠሪ ጀበና ስትተኩስ አይታችኋል? በጭቃው ውስጥ የማግኔታይት ቅንጣቶች አሉ። በእሳቱ ውስጥ ሰልፋቸው ይበተናል። የማግኔታይት መበተኛ 580 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀበናው ሲበርድ በዚያች ሰዓት የነበረውን የመሬት መስክ ተከትለው ይሰለፉና በዚያው ይቀራሉ። ጀበናው የተተኮሰበትን ቀን ሰሜን ያስታውሳል።

እሳተ ገሞራም እንዲሁ ነው። ከደባርቅ ቁልቁል በሚጠማዘዘው የሊማሊሞ መንገድ የሄደ ሰው ያን ተደራራቢ ገደል አይረሳውም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ድንጋይ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ። እያንዳንዱ ንብርብር ሲበርድ የጊዜውን ሰሜን ይዟል። ተመራማሪዎች ከታች እስከ ላይ ናሙና ወስደው ለኩት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። በአንዳንዱ ንብርብር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ከዛሬው ተቃራኒ ናቸው። ያኔ ይህች መርፌ ብትኖር ሰሜን ጫፏ ወደ እንጦጦ ሳይሆን ወደ ደቡብ ይዞር ነበር። የመሬት ዋልታዎች በታሪክ ደጋግመው ተገላብጠዋል። የመጨረሻው መገላበጥ ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መንገዱን ስንት ጊዜ በመኪና ወጥተን ወርደናል፤ ገደሉ ላይ ይህ ሁሉ ተጽፎ።

ንግግሬ እዚህ አበቃ። ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንድ ልጅ "ጋሼ፣ የማግኔት ጉልበት ያልቃል?" አለኝ። እንደ ባትሪ አያልቅም። ምስማር ላይ የተሰቀለ ጋቢ ምስማሩን አያደክመውም፤ ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ ማግኔትም ቁጭ ብሎ ስለያዘ ምንም አይከፍልም። የሚያበላሸው ሙቀት፣ ምት ወይም ሌላ ብርቱ ማግኔት ነው።

አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸው የሚጫወትባቸውን እንደ ዶቃ ያሉ የሚያብረቀርቁ ማግኔቶች ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። "ችግር አላቸው?" አሉ። አዎ፣ እናቴ፣ ትልቅ ችግር አላቸው። እነዚህ ኒዮዲሚየም የሚባሉ ናቸው፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓንና በአሜሪካ የተፈጠሩ። ከዚህ ከእስፒከሩ በብዙ እጥፍ ይበረታሉ። ልጅ አንዷን ቢውጥ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ቢውጥ ግን፣ ወይም አንድ ማግኔትና አንድ ብረት፣ አንጀት ውስጥ በተለያየ ቦታ ሆነው ይሳሳባሉ። የአንጀቱን ግድግዳ በመሃላቸው ቆንጥጠው ይዘው በሰዓታት ውስጥ ሊበሱት ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ ልጁ ሆዴን አመመኝ ብቻ ሊል ይችላል፣ ወይም ምንም ላይል ይችላል። እስኪወጣ እንጠብቅ አይባልም። እንደዋጠ ከጠረጠራችሁ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። በር ላይ እንደደረሳችሁ "ማግኔት ነው የዋጠው" በሉ። ሐኪሙ ራጅ ያነሳዋል። ኤምአርአይ መሣሪያ ግን ራሱ ግዙፍ ማግኔት ስለሆነ ልጁ ወደ እሱ መግባት የለበትም።